ፍራንክፈርት፦ እሁድ ወተት ወይም መድኃኒት ቢያልቅ የት ይኬዳል?

ጠያቂ (ጋሉስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሠፈር ከመጣን ገና ነው። እዚያ ወተት ሲያልቅ ልጅ እንልክና ከጎረቤት ሱቅ ያመጣልናል። እዚህ እሁድ ሱፐርማርኬቱ ሁሉ ዝግ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ወተት ወይም የትኩሳት መድኃኒት በድንገት ቢያስፈልገኝ ወዴት ልሂድ? እንጀራስ?

ቦርንሃይም፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ ሠፈርሽ ያለውን ቫሰርሆይስሸን እወቂ። የፍራንክፈርት ሰው መንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ ኪዮስክ እንዲህ ይላታል። የተጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ስለማይታመን የማዕድን ውሃ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ቡና፣ ለስላሳ፣ ቢራ፣ ጋዜጣ ይሸጣሉ፤ እሁድ ጠዋት ትኩስ ዳቦ የሚያወጡም አሉ። ዋጋው ከሱፐርማርኬት ይወደዳል። ለአንድ ሊትር ወተት ግን ቅር አይልም፣ የሳምንቱን አስቤዛ እዚያ አትግዢ እንጂ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ባለቤቱን ሰላም እያልሽ ተግባቢው። የኛ ሠፈሩ የልጄን ወተት ዓይነት ለይቶ ያውቃል፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ያስቀርልኛል።

ቦክንሃይም፦
ሁሉም ኪዮስክ ወተት አይዝም፣ በአዘቦት ቀን ሄደሽ አረጋግጪ። ካጣሽ ዋናው ባቡር ጣቢያና ኤርፖርት ውስጥ ያሉት ሱቆች እሁድም ክፍት ናቸው። ነዳጅ ማደያም ወተት አያጣም። በተለይ ስቅለትና ፋሲካ ላይ ተጠንቀቂ። የጀርመኖቹ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከኛ ጋር ስለማይገጥም ሳናስበው ከች ይላል። ዓርብ፣ እሁድና ሰኞ ዝግ ነው።

ሄክስት፦
መድኃኒቱን ኪዮስክ አትፈልጊ። ፓራሲታሞል እንኳ ጀርመን ውስጥ የሚሸጠው በፋርማሲ ብቻ ነው። ግን ሌሊትም እሁድም ተረኛ ፋርማሲ አለ። የተዘጋው ፋርማሲ በር ላይ የተረኛው አድራሻ ተለጥፎ ታገኛለሽ፣ ወይም በሞባይል 22833 ደውዪ። የተረኛውን ፋርማሲ የበር ደወል ስትጫኚ በመስኮት ያስተናግዱሻል። በመድኃኒቱ ላይ 2.50 ዩሮ የተረኛ ክፍያ ይጨመራል። ሐኪም ማማከር ከፈለግሽ 116117 ነው። ልጅቷ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ካንቀጠቀጣት ግን ጊዜ ሳታጠፊ ወደ አምቡላንስ፣ 112 ደውዪ!

ጠያቂ (ጋሉስ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። የእንጀራውን ነገር ረሳችሁት እኮ።

ቦርንሃይም፦
ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ሱቆች አሉ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡና ይዘዋል። ለአንቺ ከጋሉስ በትራም ቅርብ ነው። እንጀራ የሚገባላቸውን ቀን ጠይቂና በዚያው ቀን ሂጂ፣ ቶሎ ያልቃል። እሁድን አትጠብቂ፣ ቅዳሜ ጨርሺ።