ጌሜ ስልክ ላይ እጥፍ ይፈጥናል፤ ኤአዩን ምን ብዬ ልዘዘው?

ኮድ መጻፍ አልችልም። የምፈልገውን በአማርኛ እየነገርኩ በኤአይ ቻትቦት አንድ ቀላል ጌም አሠራሁ። ድመት ትሮጣለች፤ ስክሪኑን ሲነኩት ዘላ ድንጋይ ታልፋለች። በቃ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ውስጥ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል።

ላፕቶፔ ላይ ልክ እንዳሰብኩት ይሠራል። ያንኑ ፋይል ስልኬ ላይ ስከፍተው ግን ድመቷ ትከንፋለች፣ ድንጋዩ ገና ብቅ ከማለቱ ተጋጭታ ትወድቃለች። የላፕቶፑ ስክሪን 60 ኸርዝ (ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል ማለት ነው)፣ የስልኩ 120 ኸርዝ ነው። የጠረጠርኩት እሱን ነው።

«ፍጥነቱን ቀንስልኝ» አልኩት። ኮዱ ውስጥ 6 የነበረውን ቁጥር 3 አደረገው። ስልኩ ላይ ድንጋዮቹ ልካቸውን ያዙ፣ ዝላዩ ግን አሁንም ብልጭ ብሎ ያልቃል። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ድንጋዮቹ መንፏቀቅ ጀመሩ። «በሁለቱም እኩል ይሁን» ስለው ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ቀየረውና ዝላዩ ጭራሽ ጠፋ። ደግነቱ የድሮውን ኮፒ አስቀምጬ ነበር።

ለልጄ ቃል ገብቼለታለሁ፣ ልተወው አልፈልግም። ሌላውን ሳይነካካ ፍጥነቱ በየትኛውም ስክሪን አንድ ዓይነት እንዲሆን ትዕዛዙን እንዴት አድርጌ ልጻፍለት?