የቀጨጩ የስጋ ዶሮዎች ጉዳይ፦ በጋራ የጥናት ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የምንገኝ የስጋ ዶሮ አርቢዎች በጋራ የምናቀርበው የጥናት ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። በአንድ ቀን የገቡና አንድ ዓይነት መኖ የሚበሉ ጫጩቶች ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲደርሱ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ የእኩዮቻቸውን ግማሽ እንኳ ሳያክሉ ይቀራሉ። ረቂቁ የአንጀት ቫይረስ መኖሩን በምርመራ አረጋግጠን ክትባት እንዲቀርብልን እንጠይቅ ይላል። ከመፈረማችን በፊት መታረም ያለበትን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አርቢ፣ ሞጆ፦ ባለፈው ዙር ያየሁትን ላስፍር። በ12ኛው ቀን የቀጨጩት ጫጩቶች አንገት ላይ ቢጫው ጸጉር ገና አልረገፈም ነበር፤ የክንፋቸው ላባ ወደ ጎን ተገንጥሎ ቆሟል፤ እግራቸው ነጥቷል። ኩሱ ውሃማ ሆኖ ብርቱካንማ ንፍጥ የተቀላቀለበት ሲሆን የበቆሎው ፍንካች ሳይፈጭ እንዳለ ይታይበታል። አንዷን አርጄ ስከፍት አንጀቷ ከመሳሳቱ የተነሣ በውስጡ ያለው ውሃ በውጭ ይታይ ነበር። ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) በውሃ አድርጌ አምስት ቀን ሰጠኋቸው፤ ገንዘቤ ወጣ እንጂ ለውጥ አላየሁም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ወንድማችን የጻፈው በትክክል የሚታወቀው የመቀጨጭ ሕመም ምልክት ነው። ኦክሲ አለመሥራቱም አይገርምም፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይነካም። የረቂቁ ዓላማ ግን መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ሕመም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድስና በአሜሪካ ከተገለጸ ወዲህ አስትሮቫይረስ፣ ሮታቫይረስ፣ ሬኦቫይረስና ሌሎችም በየተራ ሲጠረጠሩ ቆይተዋል፤ ፓርቮቫይረስም በ1984 በሃንጋሪ ከቀጨጩ ጫጩቶች አንጀት ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን ተጠያቂ ነው የተባለ አንድም የለም። ከሁሉ የሚያስቸግረው፣ እነዚሁ ቫይረሶች ክብደቱን በሞላ ጤናማ መንጋ ውስጥም መገኘታቸው ነው። ስለዚህ የታመመውን ቤት ናሙና ብቻ ይዘን ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ብንሄድ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም፤ ውጤቱ ግን ስለ መቀጨጩ ምክንያት ምንም አይነግረንም። ለእያንዳንዱ የታመመ ቤት ዕድሜው እኩል የሆነ፣ ቢቻል ከአንድ ፍልፍል የመጣ ጤናማ ቤት አብሮ ይመርመር። ናሙናው ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ መወሰድ አለበት፤ ለገበያ ሲደርሱ ቁስሉ ሽሮ ይቆየናል። ከእያንዳንዱ ጫጩት ቀጭን አንጀት አንዱ ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ሌላው በበረዶ ተይዞ ለፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ፣ ይሄዳል። ስለ ክትባቱም፣ ለወላጅ መንጋ (የጫጩቶቹን እንቁላል ለሚጥሉት ዶሮዎች) የሚሰጥ የሬኦቫይረስ ክትባት አለ፤ የቀሩትን ቫይረሶች ግን አይከላከልም።

የመኖ ባለሙያ፦ በዶክተሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቫይረስ ብቻ እንዳናሳድድ። የሻገተ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ የሚያመጣው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ፣ ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የማሞቂያ መድከምም ጫጩት ያቀጭጫሉ። ከየቤቱ የመኖ ናሙናና የሌሊት ሙቀት መዝገብ ይጨመር።

ጫጩት አቅራቢ፦ ውጤቱ መፈልፈያዎችን ብቻ ለመክሰስ እንዳይውል እሰጋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን አስትሮቫይረስ በእንቁላል በኩል ከእናት ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ የወላጆቹን ዕድሜ ሳናውቅ መሥራት አንችልም። የመፈልፈያው ስም በመለያ ቁጥር ቢተካስ?

ጫጩት አቅራቢ፦ እንደዚያ ከሆነ መዝገቤን እሰጣለሁ።

አርቢ፣ ቢሾፍቱ፦ ጉዝጓዙ ለምን ተረሳ? ሰጋቱራ በመወደዱ ብዙዎቻችን የፊተኛውን ዙር ጉዝጓዝ ገለባብጠን፣ ላዩ ላይ ትንሽ አዲስ በትነን ጫጩት እናስገባለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አላፍርበትም።

የእንስሳት ሐኪም፦ እትዬ፣ ዋናውን ነገር አነሡ። ጤነኛ ጫጩት ከታመመ መንጋ በተረፈ ጉዝጓዝ ላይ ሲቀመጥ እንደሚቀጭጭ በሙከራ ታይቷል። ከጠቀስኳቸው ቫይረሶች አብዛኞቹ የስብ ሽፋን ስለሌላቸው ብዙ የተለመዱ ማጽጃዎች በቀላሉ አያጠፏቸውም፤ ኩሱ ሳይወጣ የሚረጭ መድኃኒትማ ከንቱ ነው። ፈቃደኛ በሆኑ አባላት ዘንድ አንዱ ቤት በአሮጌ፣ ሌላው በአዲስ ጉዝጓዝ ይሞከር፤ ከክትባት ጥያቄው ይልቅ ይህ ቶሎ መልስ ይሰጠናል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው የክትባቱ አንቀጽ ወጥቶ በምትኩ «የታመሙና ጤናማ ቤቶችን በማነጻጸር የቫይረስ፣ የጉዝጓዝ፣ የመኖና የሙቀት ድርሻን መለየት» የሚል ይገባል። የሁሉም መለኪያ የሰባተኛው ቀን ክብደት ይሆናል፤ ጫጩቱ ሲገባ ከመዘነው ቢያንስ አራት እጥፍ መድረስ አለበት። ሚዛን የሌላችሁ አባላት እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ፤ የሰባተኛ ቀን ክብደት ያልተመዘገበበት ቤት በጥናቱ አይካተትም።