ክረምት ሲገባ ብስክሌቴን ላቁማት ወይስ ቤት ውስጥ ልንዳ?

ጥያቄ፦ ባለ 26ቷ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ብስክሌቴ 26 ኢንች ጎማ ያላት ያገለገለች ማውንቴን ናት። ፍሬኗ ዲስክ አይደለም፤ በሁለት ትንንሽ የፍሬን ጎማዎች ቸርኬውን ጨምቆ የሚይዝ ነው። በሥራ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ እሄድባታለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦ እንወጣለን። ጫካው ውስጥ መንዳት የሳምንቱ ትልቁ ደስታዬ ነው።

አሁን ክረምቱ ገባ። ባለፈው እሁድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማዬ ሸርተት አለብኝ። አልወደቅሁም፤ ግን ደንግጫለሁ። ጓደኞቼ እስከ መስከረም እናቁም እያሉ ነው። እኔ ግን ካቆምኩ ጉልበቴ እንደሚጠፋ አውቃለሁ።

ትሬነር የሚሉትን፣ ቤት ውስጥ ብስክሌቱን አስሮ የሚያስነዳ ዕቃ ልግዛ ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? ሄልሜት አዲስ ይሻላል ወይስ ሰልባጅ ላይ ያየሁት ይበቃል? ጭቃ ላይስ እንዴት ነው የሚነዳው? ሁሉንም ባንዴ መግዛት አልችልም። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ባለ ጋራዡ

እህቴ፣ ከፍሬኑ ጀምሪ። ከትሬነሩም ከሄልሜቱም በፊት። ወጪውም ትንሽ ነው።

እንዳንቺ ያለው ፍሬን ቸርኬው ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ከዚያ ነው የሚነክሰው። ስለዚህ ዝናብ ላይ ከወትሮው ቀደም ብለሽ፣ በስሱ ነካ ነካ እያደረግሽ ያዢ።

አሁን ብስክሌትሽን ገልብጪና የፍሬን ጎማዎቹን እይ። ፊታቸው ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ጠፍተው ጎማው ልሙጥ ከሆነ አልቋል፤ ቀይሪው። ካላለቀ ደግሞ ጠጋ ብለሽ ተመልከቺ። የእንጦጦ አሸዋ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። አንዳንዴም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ታያለሽ፤ እሱ ከቸርኬሽ የተፋቀ አልሙኒየም ነው። በመርፌ እያወጣሽ አጽጂው፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ፈግፈግ አድርጊው። ፍሬን ስትይዢ ይጮህ የነበረው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይጠፋል።

ካቴናውን ዝናብ ከመታው በኋላ በጨርቅ አድርቂው። በጣም ከቆሸሸ በነጭ ጋዝ እጠቢው፤ ደርቆ ሲያልቅ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊበትና ትርፉን ጥረጊ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እባክሽ አንቺ እንዳታደርጊው። አቧራና ጭቃ ይሰበስባል፤ ጥርሱን ይበላል። ስትቀቢም ቸርኬው ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ ተጠንቀቂ። ዘይት የነካው ቸርኬ ፍሬን አይዝም።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ

እኔ ስለ ሄልሜቱ ብቻ ልናገር። ከብስክሌት ወድቀው የሚመጡ ሰዎችን እናክማለን። የተሰበረ እጅ በጄሶ ታስሮ ይድናል። ጭንቅላት ግን እንደዚያ አይደለም።

ሰልባጅ ሄልሜት አትግዢ። ምክንያቱም ሄልሜት የሚያድነው ውስጡ ያለው ነጭ ፎም እየተጨፈለቀ የምቱን ኃይል ስለሚወስድ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነፋም። ያየሽው ሄልሜት ከውጭ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ከአሁን በፊት ማን አናት ላይ ሆኖ ከምን ጋር እንደተጋጨ ግን የሚነግርሽ የለም። አንቺም አዲሱን ገዝተሽ በጭንቅላትሽ ከወደቅሽ፣ ስንጥቅ ባይታይም ቀይሪው።

ስትገዢ ውስጡን ገልጠሽ ምልክቱን ፈልጊ። ለአውሮፓ የተሠራው «ኢኤን 1078» (EN 1078) የሚል፣ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ «ሲፒኤስሲ» (CPSC) የሚል ጽሑፍ አለው። ዋጋው ውድ መሆኑ ብቻ የተሻለ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ትልቁ ነገር ልክሽ መሆኑ ነው። ከቅንድብሽ በላይ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ይቅር። ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባር የሚያጋልጥ ሄልሜት በየመንገዱ አያለሁ፤ በግንባሩ የወደቀን ሰው አያድንም። የጎን ማሰሪያዎቹ ከጆሮሽ ሥር ይገናኙ። አገጭሽ ሥር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። አስረሽው ራስሽን ስትነቀንቂ ሄልሜቱ ለብቻው መንቀሳቀስ የለበትም።

ሹሩባ ከተሠራሽ ቋጠሮው ዝቅ ብሎ ማጅራትሽ ጋ ይሁን። ወፍራም ሻሽ ከሥር አታድርጊ፤ ሄልሜቱን ከፍ ያደርገዋል። የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት አድርገው የሚነዱም አሉ። እሱ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።

ገንዘብ ከተረፈሽ ጓንት ግዢ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው መዳፉን ነው።

መልስ፦ የጣና ዳር ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እዚህ ሜዳ ስለሆነ ሽማግሌውም ተማሪውም በብስክሌት ነው የሚሄደው፤ ክረምት ብሎ የሚያቆም የለም። አዲስ አበባም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለ መንገዱ ልምከርሽ።

ኩሬ ውስጥ አትግቢ። የታቆረ ውሃ ሥር ጉድጓድ ይኑር ክዳኑ የተነሣ ማንሆል አታውቂም። ዞረሽ ለማለፍ ካልቻልሽ ውረጂና ግፊ። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራበት መንገድ ካገኘሽ ትንሽ ቢያዞርሽም በእሱ ሂጂ። መስመር በሌለበት ከቆሙ ሚኒባሶች ቢያንስ አንድ ሜትር ራቂ፤ ረዳቱ በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት አያይሽም። ፓርፋንጎ ከፊትም ከኋላም አስገጥሚ፤ ልብስሽም ፊትሽም ከጭቃ ይድናል። የዝናብ ልብስሽ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሁን። ክረምት ላይ በ10 ሰዓትም ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ቀንም ቢሆን አብሪ።

ባለ 26ቷ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኋላ መብራት የለኝም፤ ነገውኑ እገዛለሁ። ባለ ጋራዡ፣ የፍሬን ጎማዬን አየሁት፤ የፊቱ ደህና ነው፣ የኋላው ግን ልሙጥ ሆኗል። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ይመጣል። ትሬነሩን አምጣልኝ ልበለው?

መልስ፦ ከዴንቨር

በይው። እኔ እዚህ በረዶው ሲከምር ወራቱን የምገፋው በትሬነር ነው። ግን የትኛውን እንደሚያመጣ ለይተሽ ንገሪው።

ክብደቱን ኮምፒዩተር የሚያስተካክለው፣ ዝዊፍት ከመሰሉ የቤት ውስጥ ብስክሌት መተግበሪያዎች ጋር የሚገናኘው ዓይነት ውድ ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለአንቺ በማግኔት የሚከብደው ተራው ዓይነት ይበቃል። የኋላ ጎማሽ ትንሽ ብረት ሮለር ላይ ተጭኖ ይሽከረከራል። ሶኬት አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ትነጃለሽ። ይታጠፋል፤ ክብደቱም ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነው። ካርቶኑ ላይ 26 ኢንች እንደሚይዝ አረጋግጦ ይግዛ።

ጥርሳም የጭቃ ጎማሽን ሮለር ላይ አታሽከርክሪ። ይጮሃል፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። አንድ ልሙጥ ጎማ ለቤት ያዢ። ጎረቤትን የሚረብሸው ግን ከድምፁ ይልቅ ወለሉ ላይ የሚተላለፈው ንዝረት ነው። ወፍራም የስፖርት ምንጣፍ ወይም ድርብ ፎም ከሥር አንጥፊ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አትንጂ፤ 3ኛ ፎቅ ላሉትም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የተነገረው ጎረቤት ይታገሳል።

መስኮት ክፈቺ። ውጭ ስትነጂ ነፋሱ ያቀዘቅዝሻል፤ ቤት ውስጥ ያ የለም፤ ላብ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው። ላቡ ጨው ነው፤ ብሎን ያዝጋል። መሪው ላይ ፎጣ ጣይ፤ ስትጨርሺም ፍሬሙን ጥረጊ።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ዝም ብሎ ሰዓት መቁጠር ያሰለቻል። እንዲህ ሞክሪ። 10 ደቂቃ በቀላሉ ተሟሟቂ። ከዚያ 3 ደቂቃ ጠንከር አድርጊ፤ ጠንከር ማለት ሦስት አራት ቃል ተናግረሽ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ያህል ነው። 2 ደቂቃ እረፊ። ይህን 5 ጊዜ ድገሚው። በ10 ደቂቃ አቀዝቅዢ። 45 ደቂቃ ሆነ። በሳምንት ሁለቴ ይህን፣ አንዴ ደግሞ ረጋ ያለ ብታደርጊ መስከረም ላይ የእንጦጦን ዳገት ስትወጪ ታመሰግኝኛለሽ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብለሽ አትግፊ፤ ጉልበት ይጎዳል። ቀኝ እግርሽ በ15 ሰኮንድ 20 ጊዜ ያህል ይዙር።

ጿሚ ከሆንሽ፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ከባዱን ልምምድ የዕለቱን ጾም ፈትተሽ ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርጊው። በባዶ ሆድ ከሆነ ቀላሉን ብቻ።

መልስ፦ ገመድ ዝላይ

እኔ በዚህ አልስማማም። ለሦስት ወር ዝናብ ብሎ ያን ያህል ብር? ገመድ መዝለልና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውጣት መውረድ ልብሽንና ሳንባሽን ያሠራል። በነጻ ነው።

መልስ፦ ከዴንቨር

ወንድሜ፣ ለትንፋሽ ያልከው ልክ ነው። ኮርቻ ላይ መቀመጥን የሚያለማምደው ግን ኮርቻው ብቻ ነው። እህታችን የጠየቀችው ስለ ብስክሌት ጉልበቷ ነው። ወንድሟ የማይመጣ ቢሆን ኖሮ እኔም ያንተን ነበር የምመክራት።

መልስ፦ የቁስቋሙ ልጅ

እኔ እንጦጦ ሥር ነው ያደግኩት። እሁዱን ጭራሽ አታቁሙት፤ ሰዓቱን ለውጡት እንጂ። በክረምት አብዛኛው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ውረዱ። ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ አትግቡ፤ ጅብ አለ። ብቻሽንም አትሂጂ። ውሻ ካባረረሽ አትሩጪ፤ ወርደሽ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መሐል አድርጊው።

የእንጦጦ ጭቃ ከምንም በላይ የሚያታልለው ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ተነጥፎ መሬቱን ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ግን የዛፍ ሥር አለ። የረጠበ ሥር ላይ በሰያፍ የወጣ ጎማ ወዲያው ይሸሻል። ሥሩን ቀጥ ብለሽ፣ በመስቀለኛ አቋርጪው። በላዩ ላይ ሆነሽ ፍሬን አትያዢ፣ መሪም አታዙሪ። ያ ያለፈው እሁድ ሸርተቴ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ልሙጥ የሆነው የኋላ ፍሬን ጎማሽም አለበት።

ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ተነሺ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ድንጋይ ይመታል። ጉልበትሽንና ክርንሽን እጠፍ አድርጊ፤ መቀመጫሽን ወደ ኋላ ሳቢ። ዓይንሽ ጎማው ሥር ሳይሆን አምስት ስድስት ሜትር ወደፊት ይይ። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ጋ ሳይደረስ ነው፤ ከገባሽ በኋላ ፍሬን ልቀቂ። ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ይፈራል። ግን ይበልጥ የሚያቆመው እሱ ነው። በአንድ ጣት በስሱ ተጠቀሚበት፤ ደረቅ ቦታ ላይ ተለማመጂውና ከዚያ ጭቃው ላይ ሞክሪው።

አየሩንም ቀንሺ። ክብደትሽ 60 ኪሎ አካባቢ ከሆነ 30 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ለጫካው ጥሩ ነው፤ ጎማው መሬቱን አቅፎ ይይዛል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ግን አትውረጂ፤ ድንጋይ ሲመታሽ ካላማዳሪያው ይቀደዳል። ወደ አስፋልት ስትመለሺ መንፊያሽን አውጥተሽ ሙዪው።

ጭቃው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ከሆነ ጫካውን ተዉት። መንገዱንም ታበላሹታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ የተሠራ መንገድ አለ፤ እሱ ላይ ዙሩ። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ነው የሚገኘው። ከቤት ውስጥ ልምምድ ወጥተሽ የመጀመሪያው ቀን ላይ አትቸኩዪ።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ እስከ ታች አትምጡ። ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ መሐል ላይም ቆም ብላችሁ ቸርኬው ይብረድ።

ባለ 26ቷ፦

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅደም ተከተሉ ገባኝ፦ የኋላ ፍሬን ጎማና መብራት በዚህ ሳምንት፣ ሄልሜት ደመወዝ ሲወጣ፣ ትሬነሩ ከወንድሜ ጋር። አንድ ነገር ቀረኝ። የኋላ ጎማዬ በእጅ የሚፈታ አይደለም፤ ግራና ቀኝ በዳዶ ነው የታሰረው። ትሬነሩ ይይዘዋል?

መልስ፦ ባለ ጋራዡ

ይህን መጠየቅሽ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው የሚያስታውሱት። ትሬነሩ የኋላውን ዘንግ ከሁለት በኩል በኩባያ መሰል ብረት ነው የሚጨብጠው። ተራ ዳዶ ማዕዘን ስላለው በደንብ አይቀመጥለትም፤ ይንሸራተታል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ዳዶ አለ። ወንድምሽ ከትሬነሩ ጋር ሁለት ፍሬ ይግዛ።

ከመግዛቱ በፊት ግን ልኩን ላኪለት። ዳዶውን በቺያቤ ፍቺውና የዘንጉን ውፍረትና ጥርሱን እይ፤ የብዙዎቹ የኋላ ዘንግ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሱ ግን ይለያያል። እርግጠኛ ካልሆንሽ አንዱን ዳዶ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገሽ በፎቶ ላኪለት። የማቆሚያ እግሩም በግራ በኩል ዘንጉ ላይ ከታሰረ ለትሬነሩ ቦታ አይተውም፤ ቤት ስትነጂ ፍቺው።