ክርክር፦ ዶሮ ወጥ በ60 ደቂቃ ይዳኛል?

ጥያቄ አቅራቢ (ደሴ፣ ሆጤ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሻይ ቤት ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን ነገር እዚህ ላምጣውና ሁላችሁም ተናገሩበት። ብዙዎቻችን የውጭ የምግብ ውድድር በዲሽ እናያለን። የአውስትራሊያውን ማስተር ሼፍ፣ የአሜሪካውን ቶፕ ሼፍ፣ ከእነሱ በፊት ደግሞ የጃፓኑን አይረን ሼፍ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ማን እንደሚወድቅ ለማወቅ አያስቸግርም። አንዱ ጨው ያበዛል፣ ሌላው ሥጋውን ጥሬ ያቀርባል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን አራት አምስት ሰው ይቀራል። የሁሉም እጅ የተመሰከረለት ነው። እዚያ ጋ ደንቡ ራሱ አንዱን ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል። ስንት ሰዓት ተሰጣቸው? ዳኛው የለመደው ምግብ የቱ ነው?

ጥያቄዬ ይኸው። የኛ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ውድድር ሲያዘጋጁ የመጨረሻዎቹን ዙሮች በ60 ደቂቃ ይገድቧቸው ወይስ ምግቡ የሚፈልገውን ሰዓት ይስጡ?

እኔ ምግቡ የሚፈልገውን ይስጡ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ዶሮ ወጥ ነው። ሽንኩርት ከመቶ 89 እጁ ውሃ ነው። ያ ውሃ ካላለቀ ወጡ ወጥ አይሆንም። የተከተፈው ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ይጣዳል። ይንጫጫል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ድስቱ ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። ከዚያ በርበሬው ይገባል። ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ድረስ። አፉ ድረስ የሞላው ድስት ከግማሽ በታች ሲወርድ፣ ቀለሙ ሲጠቁር፣ ማማሰያው ባለፈበት የድስቱ ታች ለአፍታ ሲታይ፣ ያኔ ቁሌት ሆነ ይባላል። ይሄ ብቻውን ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዶሮው ገና አልገባም። 60 ደቂቃ ሰጥተን አሸናፊ ብንሸልም የሸለምነው ቶሎ የሚደርስ ምግብ የመረጠውን ሰው ነው።

ሼፍ (ኮምቦልቻ፣ ሆቴል የሚሠራ)፦

ወንድሜ፣ በሽንኩርቱ አልከራከርህም። በሰዓቱ ግን አልስማማም። ሰዓት የሙያው ግማሽ ነው። እኔ የምሠራበት ቤት ከአዲስ አበባ ወደ ወልዲያ የሚያልፍ መንገደኛ ይወርድበታል። ሹፌሩ «ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ይጮሃል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዴ ያዛል። ሼፍ ከሼፍ የሚለየው ያኔ ነው። ትዕዛዝ የሚያምታታ አለ፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን የሚረሳ አለ፣ ሳይደናበር አንድ በአንድ የሚያወጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው አይረን ሼፍ የታወቀው በ60 ደቂቃ ነው። አንድ ዋና ዕቃ ይገለጥላቸዋል፣ ከእሱ ብዙ ዓይነት ምግብ ያወጣሉ። ሰው የወደደውም ያንን ነው።

ደግሞ ስለ ፍትሕ አስብ። ለአንዱ 4 ሰዓት፣ ለሌላው 1 ሰዓት ሰጥተህ በምን ሚዛን ታስተያያቸዋለህ? 4 ሰዓት ያገኘው ቢሳሳት እንደገና ይጥዳል። 1 ሰዓት ያለው አንዴ ካሳረረ አለቀለት።

ጥያቄ አቅራቢ፦

ሼፍ፣ የፍትሑን ነገር በደንብ አነሳኸው። መልሴ ሁሉም እኩል ረጅም ሰዓት ያግኝ ነው። ዓሣ የሚጠብሰው ዘግይቶ ይጀምር፣ ወጥ የሚሠራው ማልዶ ይጣድ።

60 ደቂቃ የማይነካ ሕግ ነው ካልክ ግን የራሳቸውን ውድድር ልጥቀስልህ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያው ማስተር ሼፍ ፍጻሜ ላይ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች የእንግሊዛዊውን ሼፍ የሄስተን ብሉመንታልን ጣፋጭ እንዲሠሩ ታዘዙ። የተሰጣቸው ከ5 ሰዓት በላይ ነበር። ጣፋጩ ብዙ ክፍል ነበረው፤ በአንድ ሰዓት አይሆንማ! ማንም በ60 ደቂቃ ጨርሱ አላላቸውም። ለእሱ ጣፋጭ 5 ሰዓት ከተገኘ ለኛ ቁሌት የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

የዳኛውንም ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ማስተር ሼፍ ላይ ማሌዥያ የተወለደች ተወዳዳሪ የአገሯን ናሲ ለማክ፣ በኮኮናት ወተት የሚበስለውን ሩዝ፣ ከዶሮ ረንዳንግ ጋር አቀረበች። ዳኛው የዶሮው ቆዳ አልደረቀም፣ ሲበሉት አይንኮሻኮሽም አላት። ከውድድሩም ወጣች። ረንዳንግ እኮ በኮኮናት ወተትና በቅመም ቀስ ብሎ የሚበስል ነው። ቆዳው ከየት አምጥቶ ይደርቃል? ማሌዥያም ኢንዶኔዥያም ሰው ተቆጣ፣ የማሌዥያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀሩ ተናገሩበት። የኛን ዶሮ ወጥ ለዚያ ዳኛ ብናቀርብለት ምን ይል ነበር? እኛ ቆዳውን ከነጭራሹ ገፈን ነው የምንጥለው።

ወጣት (ኮምቦልቻ)፦

እኔ እንደ ተመልካች ልናገር። ሽንኩርት ሲቁላላ ሁለት ሰዓት ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ቴሌቪዥን ነው። ደግሞ ሼፉን ማርከስ ሳሙኤልሰንን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶፕ ሼፍ ማስተርስን ሲያሸንፍ ለኢትዮጵያ ምግብ ተብሎ የወጣ ደንብ አልነበረም። በነሱ ሜዳ ገብቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ላይ ሬድ ሩስተር የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ። በርበሬን ለብዙ አሜሪካዊ ያስተዋወቀ ሰው ነው። የኛም ልጆች ፍጥነቱን ይልመዱ ባይ ነኝ። ካስቸገረ ቁሌቱን ቤታቸው ሠርተው ይዘው ይምጡ፣ እዚያ ዶሮውን ይጨምሩ። ተገላገልን።

አንዷ ከፒያሳ፦

ማርከስ ትልቅ ሰው ነው፣ አልነካውም። ግን እሱ ያሸነፈው ለነሱ ዳኛ በነሱ አሠራር ሠርቶ ነው። እኛ የምናወራው አገር ውስጥ ስለሚሠራ ውድድር ነው። እዚሁ አገራችን ተቀምጠን የሰው ሜዳ ላይ ለምን እንጫወታለን?

እኔን የነካኝ የኪሽዋር ቾውድሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአውስትራሊያው ማስተር ሼፍ ፍጻሜ ደርሳ ፓንታ ባት የሚባል የባንግላዴሽ ምግብ አቀረበች። ውሃ ውስጥ አድሮ የሚኮመጥጥ ሩዝ ነው፣ ከተፈጨ ድንች ጋር። እዚያ የገበሬ ቁርስ ነው፤ ሆቴል የሚታዘዝ አይደለም። ሦስተኛ ወጣች። በዚያ ሳህን ግን ባንግላዴሾች በየአገሩ አለቀሱ፣ ኮሩ። እኔ ከኛ ሼፎች የምጠብቀው ይሄን ድፍረት ነው። የቃሉ ወረዳን የማሽላ እንጀራ ፍጻሜ ላይ የሚያወጣ ሼፍ አሳዩኝ።

ድግስ ሠሪ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦

እኔ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቼ አላውቅም። ድስት ግን አውቃለሁ። ልጄ፣ ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ ኑ ማለት ምን ማለት ነው? ሙያው እኮ እዚያው ላይ ነው። ዶሮ መጨመርማ ማንም ይጨምራል። ደግሞስ ያ ቁሌት የማን እጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል? እናቱ ሠርታ ብትሰጠውስ? እኔ ድግስ ስይዝ ሽንኩርቱን ለማንም አልሰጥም። እሳቱን ራሴ ነው የማየው። አንዲት ጉብል «እትዬ ትንሽ ልረፍ» ብላ ዞር ካለች ታች ይይዛል፣ ከያዘ ደግሞ ምንም ቅቤ አያድነውም።

ማናችሁም ያላነሳችሁት ሌላ ነገር አለ። ውድድሩ ደሴ ላይ ከሆነ ሥጋው የማን ዕርድ ነው? እኛ ጋ ሠርግ ሲደገስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ድስቱም ጭልፋውም አይነካካም። እንግዳው በየፊናው በልቶ ጭፈራው ላይ ይገናኛል። ወሎ እንዲህ ነው። እናንተ ደግሞ ሦስት ዳኛ አስቀምጣችሁ አንድ ሳህን ታቀርባላችሁ። ሁለቱ የቀመሱትን ሦስተኛው ካልቀመሰ ውጤቱ ምን ሊሆን ነው? ቀረጻው ረቡዕ ወይም አርብ ቢውልስ? ረመዳን ላይ ቢውልስ? ተወዳዳሪው ወጡን ሳይቀምስ ሊያወጣ ነው። እኛ ሴቶቹ በጾም ሳንቀምስ ጨው እንመጥናለን፣ ለምደነዋል። ለውድድር ግን ይሄ ሰውን መበደል ነው።

የኔ ሐሳብ ፍጻሜው የጾም ምግብ ይሁን ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች። ሁሉም ይቀምሰዋል፣ ማንም አይቀርም። ሥጋና ቅቤ የሌለበት ወጥ ደግሞ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ሽሮ የሚያጥም ሰው ሌላውን አያቅተውም።

መምህር (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦

አንድ አጭር ነገር ልጨምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች በ94 ገደማ ይፈላል። ለንደን ላይ 100 ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ያው ምስር፣ ያው ሥጋ፣ ደሴ ላይ ይዘገያል። የለንደንን 60 ደቂቃ እንዳለ አምጥቶ ጦሳ ተራራ ሥር ማዋል ከመነሻው ትክክል አይደለም።

ሼፍ፦

የመምህሩ እውነት ነው። ኮምቦልቻ የለመድኩትን ሰዓት ይዤ ደሴ ወጥቼ ድግስ ስሠራ ባቄላ አስቸግሮኛል።

እሺ፣ ፍጻሜው ይርዘም። የእትዬንም የጾም ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ግማሽ ፍጻሜው ግን 60 ደቂቃ ይሁን፣ ከዚያ አልወርድም። አንድ ነገርም ልጨምር። 5 ሰዓት ከሰጣችኋቸው ለሦስት ዳኛ አይሥሩ፣ ለ40 ሰው ይሥሩ። ለሦስት ሰው በትንሽ ድስት ማሳመር ሌላ ነው፣ ለ40 ሰው አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት ሌላ ነው። ሼፍ ነኝ የሚል ሰው ትልቁ ድስት ላይ ይታይ።

ወጣት፦

ይሄ ይሻላል! 40 ሰው ሲበላ ደግሞ የሚታይ ነገር አለው። ያ እንኳን ለቴሌቪዥን ይሆናል።

ጥያቄ አቅራቢ፦

የ40 ሰዉን ሐሳብ በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። እንዲያውም ደሴ ላይ ቦታው አለ። አይጠየፍ አዳራሽን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ሼፎቻችን ለሕዝብ የሚያበሉበት ከዚያ የተሻለ አዳራሽ የት ይገኛል?

በግማሽ ፍጻሜው ግን እንለያያለን፣ ሼፍ። ፍጻሜው የጾም ከሆነ፣ ግማሽ ፍጻሜው 60 ደቂቃ ከሆነ፣ ዶሮ ወጥ የትኛው ዙር ላይ ይሠራ? ሙሉ ውድድር አልፎ አንድ ሰው እንኳ ዶሮ ካልሠራ ያ የኛ ውድድር አይደለም። ስለዚህ ሩጫው ቀደም ባሉት ዙሮች ይሁን። የመንገደኛውን ሠላሳ ደቂቃ እዚያ አምጣው፣ ያልቻለ እዚያው ይውደቅ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ይርዘሙ። በግማሽ ፍጻሜው ዶሮ ይሠራ፤ ዕርዱ እንደ እትዬ ለሁለት ይከፈል፣ ምድጃውም ዕቃውም ይለይ፣ ለእያንዳንዱ ወገን የሚቀምስ ዳኛ ይኑር። አስራ ሁለቱ ብልት በትክክል መውጣቱም ነጥብ ይያዝለት። በፍጻሜው ጾም፣ ለ40 ሰው።

ሼፍ፦

ሁለት ረጅም ዙር ለጣቢያው ወጪ ነው። የካሜራ ባለሙያው፣ መብራቱ፣ ጋዙ አለ። ማን ይከፍላል? አሁንም አንዱ ይቅር ባይ ነኝ። ዶሮ ወጥን በአንድ ሰዓት የሚያወጣ ብልህ ሼፍ አይጠፋም። ሽንኩርቱን በወንፊት አጥልሎ፣ ውሃውን ቀድሞ አውጥቶ፣ ሰፊ ድስት ላይ በሳሳ ቢጥደው ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

ድግስ ሠሪ፦

ውሃውን ስታጠልለው ጣፋጩም አብሮ ይሄዳል፣ ልጄ። ወጡ ይመራል። ሞክረው።

አንዷ ከፒያሳ፦

ወጪውን ስፖንሰር ይሸፍን። የዘይቱም የቅመሙም ነጋዴ ይፈልገዋል። እኔ የሚያስፈራኝ ዳኛው ነው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴል ከመጡ የረንዳንጉ ታሪክ እዚህም ይደገማል። ሳህን አደራረግ ያያሉ፣ ሥሩን አያዩም።

ጥያቄ አቅራቢ፦

እውነት ነው። ከሦስቱ አንዷ ድግስ የምትሠራ ሴት ትሁን፣ ድምፅዋም ከሌሎቹ እኩል ይቆጠር። እትዬ፣ ቢጠሩዎት ይመጣሉ?

ድግስ ሠሪ፦

እመጣለሁ። ግን ሳህን ብቻ አምጥተው ቅመሺ እንዳይሉኝ። ሽንኩርቱ ከተጣደ ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ልይ። የማን ሽንኩርት እንደያዘ፣ ማን በውሃ እንደሸፈነው ያኔ አውቃለሁ።