ክሮሜን ካጠፋሁት ሳምንታት አልፈዋል፤ በእርግጥ ያን ያህል ያሰጋል?

ሰባ ታብ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የሞኝ ቢመስልም ልጠይቅ። ሥራዬ ትርጉም ነው። ክሮም ላይ ሁልጊዜ ስድሳ ሰባ ታብ ተከፍቶ ይውላል፣ ተከፍቶ ያድራል። መዝገበ ቃላቱ፣ ረቂቁ፣ "በኋላ አነበዋለሁ" ያልኩት ሁሉ እዚያ ነው። ላፕቶፑንም አላጠፋውም፤ ክዳኑን ገጠም አድርጌ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ካቆምኩበት ይጠብቀኛል። ቀኝ ጥግ ላይ ያለችው የአፕዴት ምልክት መጀመሪያ አረንጓዴ ነበረች፣ ቀጥላ ብርቱካናማ ሆነች፣ አሁን ከቀላች ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው። ለምጃታለሁ።

ትናንት ታናሽ ወንድሜ አያትና ጮኸብኝ። "አንድ ፎቶ ይበቃቸዋል፣ ምንም ሳትነኪ ይገቡብሻል" ይለኛል። እኔ አጉል ቦታ አልገባም፣ የማላውቀውን ሊንክ አልነካም፣ አንቲቫይረስም አለኝ። አፕዴቱም በራሱ ወርዶ ተጭኗል ብዬ ነው የማስበው። ልጁ ሊያስፈራራኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው?

የማታ ተረኛ፦
እህቴ፣ ወንድምሽ አልዋሸም። የፎቶው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሊብዌብፒ በተባለ ኮድ ውስጥ አጥቂ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ተገኘ። ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት ፈትቶ ስክሪን ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ፎቶውን ለመፍታት ሠንጠረዥ ይሠራል፤ "ከዚህ አይበልጥም" ብሎም ለሠንጠረዡ ቦታ ቆርጦ ይይዛል። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፎቶ ሲመጣ ሠንጠረዡ ከተቆረጠለት ቦታ ይተርፍና ጎረቤቱ ባለው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። አጥቂው በዚያ በኩል የራሱን ኮድ ለማስኬድ መንገድ ያገኛል። የአንቺ ጣት የለበትም፤ ገጹ ሲከፈት ፎቶውን የሚፈታው ብሮውዘሩ ራሱ ነው። የአፕል የደህንነት ቡድንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ነበሩ የጠቆሙት። ጎግል ሴፕቴምበር 11 ቀን መጠገኛውን ሲያወጣ ቀዳዳው ቀድሞውኑ ለጥቃት እየዋለ መሆኑን አብሮ ተናግሯል። ኮዱን ሌሎች ብሮውዘሮችም ስለሚጋሩት ፋየርፎክስም በማግሥቱ የራሱን አወጣ።

"አጉል ቦታ አልገባም" ላልሽው፣ የምታምኚው ገጽ ላይ ያለው ማስታወቂያ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የገጹ ባለቤት እንኳ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አያየውም። አንቲቫይረስ ደግሞ ፋይል ላይ ጎበዝ ነው፤ ብሮውዘሩ ሜሞሪ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቀውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው። አፕዴቱ ወርዷል፣ ልክ ነሽ። የተቀመጠው ግን ዲስክሽ ላይ ነው። እየሠራ ያለው ከሳምንታት በፊት የከፈትሽው የድሮው ፕሮግራም ነው፤ ዘግተሽ እስክትከፍቺው ድረስ አዲሱ ተራ አይደርሰውም። የሚብሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ የክሮም መሠረት የሆነው ክሮሚየም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። መጠገኛው ሲገባ የቀድሞውንና የአሁኑን አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበረ ማወቅ ለሚችል ሰው ተነግሮታል ማለት ነው። ጎግል ከስሪት 116 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ወዲህ፣ የደህንነት መጠገኛ በየሳምንቱ የሚያወጣው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ብሎ ነው። ምልክትሽ ቀልታ በቆየች ቁጥር አንቺ ጋ ያለው ቀዳዳ ካርታው የተበተነ ቀዳዳ ነው።

በምሠራበት ቦታ አንድ ሌሊት የሁሉንም ኮምፒውተር ስሪት ሳጣራ የድሮው የተገኘው እነማን ጋ መሰለሽ? ሥራ የሚበዛባቸውና ጠንቃቆቹ ጋ። ኮምፒውተር የማያጠፉት እነሱ ናቸዋ።

ቆንጣጭ፦
ኧረ ቀስ በሉ፣ ሴትዮዋን እንቅልፍ አትንሷት። ገና መጠገኛ ያልወጣለት ቀዳዳ ውድ ዕቃ ነው፤ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ላይ እንጂ ተርጓሚ ላይ አያባክኑትም። ተራውን ሰው የሚበላው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሰባ ታብ የምትከፍት ሰው የማትጠቀምበትን ታብ ሜሞሪ እንዳይበላ የሚያስተኛ ኤክስቴንሽን ሳትጭን አትቀርም፤ ከሆነ ዘ ግሬት ሰስፔንደርን አስታውሺ። ብዙ ሰው የሚወደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ባለቤቱ ለማይታወቅ ሰው ሸጠው፣ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ጎግል ማልዌር (ጎጂ ኮድ) አለበት ብሎ ከሁሉም ሰው ብሮውዘር አጠፋው። ተጠቃሚው አንድም ስህተት አልሠራም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ለነገሩ አሁን ክሮም ራሱ ታብ ያስተኛል፣ ሌላ አያስፈልግሽም።

ሌላው፣ ገጽ መሃል ላይ ብቅ ብሎ "ክሮምዎ አርጅቷል፣ እዚህ ይጫኑ" የሚል ሁሉ ውሸት ነው። እውነተኛው የሚመጣው ከብሮውዘሩ ሜኑ ነው። አፕዴት አድርጊ ብለን አስፈራርተናት እዚያ ላይ እንዳትጫን!

የማታ ተረኛ፦
በኤክስቴንሽኑም በውሸቱ አፕዴትም እስማማለሁ። በ"ውድ ዕቃ" ግን ግማሹን ብቻ። ውድ የሚሆነው መጠገኛው እስኪወጣ ነው፤ ከወጣ በኋላ ይረክሳል፣ ማንም ይገለብጠዋል። እሷ ያለችው እርካሹ ሰፈር ነው።

እህቴ፣ ሳትዘጊው በፊት ፎርም ላይ የጀመርሽው ጽሑፍ ካለ ኮፒ አድርጊው። ኢንኮግኒቶ (ታሪክ የማያስቀምጠው) መስኮት ካለሽም ያ አይመለስም። ሌላው ይመለሳል። ሜኑው ውስጥ እገዛ፣ ከዚያ "ስለ ጎግል ክሮም" የሚለውን ክፈቺ፤ ስሪቱን ያሳይሽና "እንደገና አስጀምር" የሚል ቁልፍ ይሰጥሻል።

ሰባ ታብ፦
አደረግኩት! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተጫንኩት። ስድሳ አራቱም ተመለሱ፤ አንዱ ብቻ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ቆንጣጭ፣ ታብ የሚያስተኛ አልነበረኝም፤ ኤክስቴንሽኖቹን ስቆጥር ግን አሥራ አንድ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ "በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን ውሂብ ማንበብና መቀየር" ይላል፤ መቼ እንደጫንኩት እግዜር ይወቀው። አጠፋሁት። ወንድሜ እንዳይሰማ እንጂ ሰባቱን አጥፍቻለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ የምትጠቀምበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ያንኑ ገጽ ከፈትኩ። ስሪት 109 ይላል፤ ቀጥሎ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል የሚል አለ። ሪስታርት ባደርገውም አልተለወጠም። እሷ ባንኳን በዚያ ነው የምታየው።

የማታ ተረኛ፦
ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ነው ማለት ነው። 109 ለእነዚያ የወጣው የመጨረሻው ክሮም ነው፣ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2023። በሴፕቴምበሩ ስለ ፎቶው ያልኩሽ ከዚያ በኋላ የመጣ መሆኑን ልብ በይ። ፋየርፎክስ 115 የተራዘመ ድጋፍ (ESR) የተባለው ስሪት በእነዚያ ላይ ይሠራል፤ ክሮም 109 ከቆመ በኋላም መጠገኛ ሲወጣለት ስለቆየ ከ109 ይሻላል። ግን ከሥሩ ያለው ዊንዶውስ ራሱ መጠገኛ ካቆመ ቆይቷል። የእናትሽን ባንክ ዛሬውኑ ወደ አንቺ ላፕቶፕ ወይም አፕዴት ወደሚደርሰው ስልክ አዛውሪው፣ ፓስዎርዱንም እዚያው ሆነሽ ቀይሪው። አሮጌው ላይ አትቀይሪ።