ከጣና ሥር ነዳጅ ይፈለግ ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ ዩጋንዳ በአልበርት ሐይቅ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2006 ነዳጅ አግኝታለች። እኛስ በጣና ዙሪያ ለምን አንፈልግም?

መምህሩ (ባሕር ዳር)፦
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንጽጽሩ ግን አያስኬድም። አልበርት የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ክንፍ ነው፤ የመሬት ቅርፊት ሲለጠጥ ወለሉ እየሰመጠ በሺህ ሜትሮች የሚቆጠር ደለል ተከማችቶበታል፣ ደለሉም ጠልቆ በምድር ውስጥ ሙቀት በስሎ ነዳጅ አመንጭቷል። ጣናም ስንጥቆች የተገናኙበት ዝቅታ ቢሆንም፣ ውኃውን የገደበው በአባይ መውጫ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው።

ስለዚህ ተስፋ ካለ ከባዛልቱ (ከዚህ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት) ሥር፣ ከእሱ በፊት በተከማቸ ደለል ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ደጀንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ይህን በዓይኑ አይቶታል፦ መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የጀሶው ንጣፍ፣ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ አዲግራት ተብሎ የሚጠራው ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የማግኔቶቴሉሪክ ጥናት (ሳይቆፈር ከምድር በታች ያለውን አለት በኤሌክትሪክና በማግኔት ሞገድ የሚለካ) ከጣና አካባቢ ባዛልት በታች ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ገደሉ ላይ ከሚታዩት ከባዛልቱ በታች ካሉት ንጣፎች ጋር የአንድ ዘመን (የሜሶዞይክ፣ ማለትም የዳይኖሰሮች ዘመን) የሆነ ደለል እንዳለ አመልክቷል። ስለዚህ ጣና በምድቡ ከአልበርት ይልቅ፣ ካሉብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 ጋዝ ለተገኘበት ለኦጋዴን ይቀርባል። ኦጋዴን ላይ ግን ከአዲግራቱ ሥር፣ የጋዙ ምንጭ እንደሆነ የሚታሰበው፣ ካሩ የሚባል የቀደመ ዘመን ወፍራም ደለል አለ። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከጣና ሥርስ ነዳጅ የሚያመነጭ አለት አለ ወይ?

የዘጌው ተወላጅ፦
መምህር፣ ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እምቦጭን ወገባችን እስኪጎብጥ በእጃችን ነቅለን መጨረስ ያቃተን ሰዎች፣ ዘይት ቢፈስ በምን እንቀዳዋለን? ዓሣ አስጋሪውስ የት ይሄዳል?

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ስጋትዎን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ፤ ሐይቁ ላይም ሆነ ዳርቻው ላይ ጉድጓድ ይቆፈር አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፦ ደቡብ ወሎ፣ ወረ ኢሉ ላይ ነዳጅ በራሱ ወደ ምድር ገጽ ሲወጣ ታይቷል፤ ስለዚህ በአባይ የደለል ተፋሰስ ውስጥ የበሰለ አለት በአንድ ቦታ አለ ማለት ነው። («ተፋሰስ» ስል ወንዝ የሚሰበስበውን መሬት ሳይሆን ደለል የተከማቸበትን ዝቅታ ማለቴ ነው።) ያን አለት ለማወቅ ሐይቁን መንካት አያስፈልግም፤ አባይ በረሃ ገደል ላይ ተገልጦ ከሚታየው ንጣፍ ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ መመርመር ይቻላል።

የዘጌው ተወላጅ፦
ናሙናው ከገደሉ የሚወሰድ ከሆነ አልቃወምም። ወደ ሐይቁ ዳር መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ግን የምርመራው ውጤት ለዳርቻው ነዋሪ በአማርኛ ይነገረው።