«ፋይን» ሲሉኝ እሺ ማለታቸው ነው ወይስ እምቢ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ቡና ልጨምርላት ብዬ ስጠይቃት «አይም ፋይን» አለችኝ፤ እኔም «ፋይን ማለት ጥሩ» ተብዬ ስለተማርሁ እሺ ያለች መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን ሳዘነብል፣ ስኒዋን በመዳፏ ከደነችው፤ ለጥቂት እጇን አላቃጠልኋትም። ኃላፊዬም ያሰናዳሁትን ጠረጴዛ አይቶ «ኢትስ ፋይን» ሲል ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁበትም። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው?

አስተርጓሚው፦
አንድ ነገር ሲቀርብላቸው «አይም ፋይን» የሚሉ ሰዎች «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ማለታቸው ነው፤ «አይም ጉድ» የሚሉትም እንዲሁ። የእኛ «ደህና ነኝ» ለጤና ጥያቄ እንጂ ለግብዣ መልስ ስለማይሆን ጆሯችን ይሳሳታል። የኃላፊዎ አባባል ደግሞ «ያስኬዳል» እንጂ ሙገሳ አይደለም። «ወጡ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ብቻ ብሎ ዝም የሚል እንግዳ ያስቡ፤ ባለሙያዋ ቅር መሰኘቷ አይቀርም።

የቋንቋ መምህር፦
እስማማለሁ፤ ሆኖም ቃሉ ሁልጊዜ እንዲህ ለዘብ ያለ አይደለም። ከስም በፊት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ክብሩ ከፍ ይላል፤ «ፋይን ዋይን» ምርጥ የወይን ጠጅ ነው፣ «ኤ ፋይን ዶክተር» ሲባልም ሐኪሙ እየተወደሰ ነው። ለደቃቅ አሸዋ፣ ለላመ ዱቄትና ለቀጭን ክርም ይውላል፤ በውል ግርጌ በጥቃቅን ፊደል የሚሰፈረው ማሳሰቢያ «ፋይን ፕሪንት» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ምንጩ መጨረሻ የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ፊኒስ» ሲሆን በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገብቷል፤ እኛ ከ«ፈጸመ» «ፍጹም» እንዳልን ሁሉ እነርሱም መጨረሻው ላይ የደረሰውን ነገር እንከን የለሽ አደረጉት። መቀጮ የሚባለው «ፋይን» እንኳ ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ ክርክሩን የሚጨርስ ክፍያ ነበርና።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረባዬ ፈረቃ እንድንለዋወጥ ጠይቄው ቁርጥ ባለ ድምፅ «ፋይን» ብሎኝ ሄደ። ይህስ?

አስተርጓሚው፦
እርሱ «ይሁን እንግዲህ፣ እንዳሻህ» ነው። ፈረቃው ተለውጦልዎታል፤ ሰውየው ግን ሳይከፋው አልቀረም።